ሥልጣኔን መልሱልኝ

ደሴ ውስጥ፣ እኔ ባደግሁበት በሸዋ በር፣ የሸማቾች ጥበቃ የሚባል መሥሪያ ቤት አልነበረም። የትምባሆ ተቆጣጣሪም አልነበረም። ተቆጣጣሪው ሁሉም ሰው ነበር። አንድ ጎረምሳ አጥር ጥግ ተወሽቆ ሲጋራ ቢለኩስ፣ በዚያ ያለፈ ማንኛውም ጠና ያለ ሰው ጆሮውን ጠምዝዞ ለእናቱ ያስረክበዋል። ልጁ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አያሻም፤ መንገድ ላይ ይጣራል። እናትየዋም «ልጄን ማን ንካ አለህ?» አትልም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበልና ሁለተኛውን ዙር ራሷ ትጀምራለች። ይግባኝ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ ጠበቃ የለ።

ይህን ስተርክ የልጅ ልጄ «አባባ፣ እሱ እኮ ወንጀል ነው» ትለኛለች። ወንጀል! እኛ አስተዳደር ነበር የምንለው።

እርግጥ ያው ጆሮ ጠምዛዥ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ልጅ ጠርቶ «ሂድ፣ ከሱቅ ሁለት ፍሬ ግስላ ሲጋራ ይዘህልኝ ና፤ መልሱን ቆጥሬ ነው የምቀበልህ» ይለዋል። ባለቤቴ ወሬው እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ትስቃለች። ምን ያስቃል? መላክ ሌላ፣ ማጨስ ሌላ። አባቴም ስለ አጼ ዮሐንስ ያወጋን ነበር፤ ንጉሡ ትምባሆ ያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። አባቴ ይህን የሚተርክልን ጋያውን እያንኮረኮረ ነው። ከንፈሩም አፍንጫውም ሙሉ ነበር።

አሁን ያለሁት ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። ሽበት ይዣለሁ፣ ከዘራ ይዣለሁ፣ ሥልጣን ግን አልያዝኩም። ሥልጣኔን ወስደው ለመምሪያ ሰጥተውታል። እሱስ ይሁን፤ መንግሥት ነው፣ ይውሰድ። የሚያንገበግበኝ ከወሰዱት በኋላ የሸነሸኑት ነገር ነው።

የምኖረው በከተማዪቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ዮሰሚቲ ከሚባለው መንገድ ትንሽ ፈንጠር ብዬ ነው። ኢስት ኮልፋክስና ዮሰሚቲ በሚገናኙበት ቁሙና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በስተ ምዕራብ ዴንቨር ነው፤ ዴንቨር ከተማም ካውንቲም ራሱ ነው። መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ምሥራቅ አንድ እርምጃ ብትሉ አውሮራ ናችሁ። አውሮራ ደግሞ አንድ ካውንቲ አልበቃት ብሎ አዳምስ፣ አራፓሆና ዳግላስ በሚባሉ ሦስት ካውንቲዎች ላይ ተንጋላለች። በዚያ በኩል ኮልፋክስን ይዛችሁ ስትሄዱ በግራ እጃችሁ አዳምስ፣ በቀኝ እጃችሁ አራፓሆ ነው። አንድ መስቀለኛ መንገድ፣ ሦስት ካውንቲ! የሽያጭ ታክሱ በ2025 በዴንቨር በኩል 9.15 ከመቶ፣ በአዳምስ በኩል 8.5፣ በአራፓሆ በኩል 8 ከመቶ ነበር። ባለቤቴ ሳሙና የምትገዛው አራፓሆ ተሻግራ ነው። በሳንቲም ያተረፈችውን ወደ ቤት ስትመለስ በጉልበቷ ትከፍላለች።

ድሮ አዳምስን፣ አራፓሆንና ዳግላስን ትራይ ካውንቲ የሚባል አንድ የጤና መምሪያ ነበር የሚጠብቃቸው። በኮቪድ ጊዜ በጭምብል ነገር ተኳረፉና በ2022 መጨረሻ ፈረሰ። እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ርስቱን ተካፍለው አሁን ሁሉም የየራሱን መምሪያ አቋቁሟል። ስለዚህ አውሮራ ውስጥ ክትፎ በልታችሁ ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ፣ ለማን አቤት እንደምትሉ ለማወቅ መጀመሪያ የምግብ ቤቱ በር ወዴት እንደሚያይ ማጣራት ይኖርባችኋል።

ወደ ትምባሆው ልመለስ።

የእህቴ ልጅ በዴንቨር በኩል ነዳጅ ማደያ ሱቅ አለው። እንደ ብዙዎቹ የሀገራችን ልጆች ዓመታት ታክሲ ነድቶ፣ አየር ማረፊያ ተሰልፎ፣ ቆጥቦ የከፈታት ሱቅ ናት። አብሮ አደጌ ደግሞ በአውሮራ በኩል ተመሳሳይ ሱቅ አለው። ሁለቱም ለስላሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ሎተሪ፣ ሲጋራ ይሸጣሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ለሁለት ሱቅ ቡና ለማድረስ ይበቃል፤ የማደርሰውም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ከተማ በሲጋራ ላይ የራሱን ታክስ ልጣል ወይም የራሱን ፈቃድ ላውጣ ካለ፣ ክፍለ ሀገሩ ከሲጋራ ታክስ የሚያካፍለውን ድርሻ ይነፍገው ነበር። «አፍህን ከዘጋህ ታገኛለህ፣ ከከፈትክ ታጣለህ» ዓይነት ነው። በ2019 ይህ ቀረና ለከተሞችና ለካውንቲዎች በትምባሆ ላይ የፈለጋችሁትን ቁጥጥር አድርጉ ተባለ። አስፐን፣ የሀብታሞቹ የበረዶ ከተማ፣ ጣዕም ያለውን ትምባሆ ከሁሉ ቀድማ ከለከለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ክፍለ ሀገሩ ራሱ የመግዣውን ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ አደረገ፤ ሻጭ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ አለ፤ አዲስ የሚከፈት ትምባሆ መሸጫ ከትምህርት ቤት ቢያንስ 500 ጫማ ይራቅ አለ።

ዴንቨርም ተነሣች። በዲሴምበር 2021 ምክር ቤቱ የማንጎ፣ የእንጆሪ፣ የሜንቶል፣ በአጭሩ የማንኛውም ጣዕም ትምባሆ እንዳይሸጥ ወሰነ። ከንቲባው ማይክል ሃንኮክ ውድቅ አደረጉት። ምክንያታቸው፦ ይህ ነገር ለአንድ ከተማ ብቻ የሚሆን አይደለም፣ አካባቢው በሙሉ ወይም ክፍለ ሀገሩ ይያዘው፤ አለዚያ ሰው መንገድ ተሻግሮ ይገዛል። መንገድ ያሉት ይህንኑ የእኛን ዮሰሚቲ መሆን አለበት። ደግ። በ2022 ክፍለ ሀገሩ ሊይዘው ሞከረ፤ ረቂቁ የታችኛውን ምክር ቤት አልፎ የላይኛው ኮሚቴ ውስጥ ሞተ። ገዥው ጃሬድ ፖሊስ ደግሞ ይህ የየከተማው ጉዳይ ነው ባይ ነበሩ። ከንቲባው ወደ ላይ፣ ገዥው ወደ ታች። እኛ ሀገር «ነገ ተመለስ» ነበር የሚባለው፤ እዚህ ቀኑን ትተው ቦታውን ያዙሩባችኋል።

በዲሴምበር 2024 ምክር ቤቱ እንደገና አጸደቀው፤ አዲሱ ከንቲባ ማይክ ጆንስተን ፈረሙ። አለቀ ስንል ባለሱቆችና የትምባሆ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ሕዝበ ውሳኔ አስጠሩ። ገበያ በር ላይ አንድ ጎረምሳ ሰሌዳ ይዞ ያዘኝ። «አባት፣ አነስተኛ ነጋዴዎችን ይደግፋሉ?» አለኝ። የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝና «እንዴታ!» አልኩት። «እንግዲያው ይፈርሙልኝ።» ጥቂት አለፍ ስል ሌላዋ ቆማለች፤ «ሕፃናትን ከትምባሆ መጠበቅ ይፈልጋሉ?» የልጅ ልጄ ትዝ አለችኝ። «እንዴታ!» አልኳት። በዚያን ቀን እንደኔ የተፈለገ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ መጣ፤ ኖቬምበር 2025፣ ሪፈረንደም 310። እዚህ ላይ ነው ከባለቤቴ ጋር እራት ያበላሸነው። ጥያቄው «ሕጉ ይጽና ወይ?» ነው የሚለው። ሕጉ ክልከላ ነው። ስለዚህ «አዎ» ካልክ አይሸጥም፤ «አይ» ካልክ ይሸጣል። ሕጉን ሊያስነሡ ፊርማ ያሰባሰቡት፣ ሕዝበ ውሳኔውን የጠሩት ሰዎች ራሳቸው «አይ በሉ» እያሉ ይለምናሉ። በዘመኔ ብዙ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቻለሁ፤ በደርግ ጊዜ ለምን እንደማወጣ ባላውቅም መቼ እንደማወጣ አውቅ ነበር። እዚህ ለምን እንደማወጣ እያወቅሁ የትኛውን እጅ እንደማወጣ ጠፋኝ። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ «አዎ ማለት አይሆንም ማለት ነው» አለችኝ። «ታዲያ አይሆንም ለምን አላሉትም?» ብላት «ይህን ለኒውዮርኩ ቢሊየነር ለብሉምበርግ ጻፍላቸው፤ ለአዎ ዘመቻው ገንዘቡን ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የትምባሆው ገንዘብ ነበር። በሁለት የገንዘብ ከረጢት መካከል እኔና ባለቤቴ በአንድ ብዕር ተጨቃጨቅን። ውጤቱ ሲነገር ከመቶ 70 ገደማ የሚሆነው መራጭ «አዎ» ብሏል። ማለትም «አይ»።

የእህቴ ልጅ አዝኖ መደርደሪያውን ሲያራግፍ፣ አብሮ አደጌ ከአውሮራ ደወለልኝ። «ለዴንቨር ምክር ቤት ምስጋናዬን አድርስልኝ» ይላል! አውሮራ እንዲህ ያለ ክልከላ አላወጣችም። ማንጎው እንደሆነ ማንጎ ነው፤ ያው ፋብሪካ፣ ያው ቀለም፣ ያው ትርፍ። ዮሰሚቲን ሲሻገር ግን ሕገ ወጡ ሕጋዊ ይሆናል። ሸዋ በር ላይ የእኔ ሥልጣን እስከ ጢጣ ድረስ ይሠራ ነበር፤ ልጁ ሮጦ ካመለጠኝም ጢጣ ያለው ሽማግሌ ይቀበለኛል።

ደግሞ ይህን መታወቂያ የሚሉትን ነገር ስሙልኝ። በኮሎራዶ ሕግ ሻጭ ዕድሜው ከ50 በታች የሚመስል ሰው ሁሉ ሲጋራ ሲጠይቀው መታወቂያ ማየት አለበት። ከ50! አንድ ወዳጄ፣ ሁለት ልጅ የዳረ ሰው፣ መታወቂያ ተጠየቀ። ያን ቀን ሲጋራውን ትቶት ወጣ፤ ምን ያደርግለታል፣ ከሲጋራ የበለጠ አግኝቷል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለሁሉም ሰው አወራው፤ ለካህኑም ሳይቀር፣ ሲጋራ ሊገዛ እንደነበር ረስቶ። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ልጃገረዲቱ ገና ከበር ስታየኝ «ምን ልስጥዎት?» ትለኛለች። ማስቲካ ነው የምገዛው፣ ግን ቢጠይቁኝ ምናለበት?

አሁን የሥልጣኔን ጉዳይ ወደ ነካው ዋና በደል ልምጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ሱቅ ጥግ፣ በተለመደችው ወንበሬ ላይ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። አንዲት ልጅ ገባች። ጥርሷ ላይ ሽቦ አለ። ጀርባዋ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ «ቬፕ» አለች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን ስትጠይቅ፣ ልክ ወተት እንደሚገዛ ሰው። የእህቴ ልጅ መታወቂያ ጠየቃት። ሰጠችው። እዚህ ሀገር ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው መንጃ ፈቃድ ወደ ቁመት ነው የሚታተመው፤ ገና ከሩቅ ያስታውቃል። እሱ መልሶ ሳይሰጣት እኔ ተነሣሁ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ዝም።

«ጋሼ፣ ይተዉ በእመቤቴ» አለኝ የእህቴ ልጅ በአማርኛ።

«አልተውም! ሳንባ ስንት ይመስልሻል? ሁለት ብቻ ነው! ይህን ያህል ፎቅ የሠራ ሀገር ለሳንባ መለዋወጫ አልሠራም! እናትሽ እዚህ መሆንሽን ታውቃለች?»

«አዎ» አለች ልጅቷ።

«ታውቃለች?!»

«ፈርማለች።»

ከዘራዬን መሬት ላይ ሳሳርፍ አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ገባ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ የሥራ መታወቂያ ነበረው። ልጅቷ ለካ የእነሱ ናት። ሻጩ ለትንሽ ልጅ ይሸጥ እንደሆነ ለመፈተን ከወላጅ ፈቃድ ወስደው ይልኳቸዋል፤ ሰውየው ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃል። «አልፋችኋል» አለን በፈገግታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ሠራተኛ ነዎት?» አለኝ። የእህቴ ልጅ ቀድሞኝ «አይደሉም፣ አጎቴ ናቸው» አለ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ በቅጹ ላይ አጎት የሚባል ሳጥን ሳይኖር አይቀርም ብዬ አሰብኩ፤ የለም።

ነገሩን አውጥታችሁ አውርዱት እንግዲህ። ሸዋ በር ላይ ልጅ ሲጋራ እንዲገዛ የሚልከው አባወራ ነበር፤ ያንን ኋላቀርነት ብለውታል። እዚህ መንግሥት ይልካል፣ እናት ትፈርማለች፣ ተቆጣጣሪ መኪና ውስጥ ይጠብቃል። ልዩነቱ ገብቶኛል፤ የእነሱዋ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ጥሩ ዘዴም ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከጆሮ መጠምዘዝ የተሻለ ሻጭን ያስፈራል፤ ሸክሙም ተገቢው ትከሻ ላይ ነው የወደቀው፣ በልጁ ላይ ሳይሆን በሚያተርፈው ላይ። ይህን ግን ለእህቴ ልጅ እንዳትነግሩብኝ። እኔ የምለው፦ ያን ቀን ሕጉን በዚያ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ ያስከበረው ማን ነው? ሪፖርቱ ላይ ስሜ የለም።

የዋጋውም ነገር ጉድ ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወረፋ፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። ከዚያ በላይ የሸጠ ወዮለት። በ2003 ዓ.ም.ም የኢሕአዴግ መንግሥት በሥጋ፣ በስኳር፣ በዘይትና በመሳሰሉት ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ዕቃው ከገበያ ተሰወረና ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። እንግዲህ እኔ የማውቀው መንግሥት «ከዚህ በላይ እንዳትሸጥ» የሚል ነው። ኮሎራዶ መጥቼ «ከዚህ በታች እንዳትሸጥ» የሚል አገኘሁ። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አንድ ፓኮ ሲጋራ ከ7 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው፤ ከጁላይ 2024 ወዲህ ደግሞ 7 ዶላር ከ50 ሆኗል። ለወዳጁ ቅናሽ የሚያደርግ ባለሱቅ ጥፋተኛ ነው! ኮሚቴያችን ቢሰማ ሌሊቱን ሙሉ በተሰበሰበ ነበር።

ታክሱም አብሮ ይወጣል። በ2020 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን ኢ ኢ የሚባለውን አጽድቆ በፓኮ 84 ሳንቲም የነበረው የክፍለ ሀገሩ ታክስ በ2021 ወደ 1.94 ዶላር፣ በ2024 ወደ 2.24 ወጣ፤ በ2027 ወደ 2.64 ይወጣል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለሕፃናት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ነው። ትንሿ የልጅ ልጄ በዚህ ፕሮግራም በሳምንት 15 ሰዓት በነፃ ትማራለች። ስለዚህ ሱቁ ውጭ፣ ሕጉ እንደሚለው ከበሩ 25 ጫማ ርቆ፣ በብርድ ቆሞ የሚያስለውን ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ተው ልበለው ወይስ አመሰግነው? ቢያቆም ፊደሏን ማን ያስቆጥርልኛል?

የሸማቾች ጥበቃውን ደግሞ ብታዩት ማን ምን እንደያዘ ለማወቅ ራሱን የቻለ ኮሚቴ ይፈልጋል። አውሮራ ሥጋ ቤት ገብቼ ቁርጥ ሳስመዝን ሚዛኑ ላይ ማኅተም አያለሁ፤ የሚዛን ተቆጣጣሪው የግብርና መምሪያ ነው። የነዳጅ መቅጃው ላይም ማኅተም አለ፤ እሱ ደግሞ በሠራተኛና ሥራ ስምሪት መምሪያ ሥር ነው። ነዳጅ ሠራተኛ ሆኗል ማለት ነው። ዴንቨር ላይ የትምባሆውን ቁጥጥር የሚያደርገው የከተማው የጤናና የአካባቢ መምሪያ ሲሆን፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በቅርቡ ስሙን ለውጦ የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መምሪያ ተብሏል። ስሙን ወድጄዋለሁ። ትልቁ የሸማቾች ሕግ ግን የክፍለ ሀገሩ ነው፤ እሱን የሚያስከብሩት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉና የየአውራጃው ዓቃቤ ሕጎች ናቸው። በዚሁ ሕግ ነው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ፊል ዋይዘር በ2020 ጁል የተባለውን የቬፕ ኩባንያ ልጆችን አባብለሃል ብለው የከሰሱት፤ በ2023 ኩባንያው ለኮሎራዶ 31.7 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ይህን ጊዜ አቤት ያለ ሥልጣን አልኩ። እኔ በሕይወቴ ያስከፈልኩት ትልቁ ቅጣት ሁለት ቀን ከኳስ መታገድ ነው።

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ነጋዴ የመጨረሻውን ጠቅላላ ዋጋ ፊት ለፊት ማሳየት አለበት፤ ጥግ ላይ ደብቆ የአገልግሎት፣ የምናምን እያለ መጨመር ቀርቷል። ታክሱ ግን ለብቻው ይደመራል። ይህን ያወጡትን ይባርክ። ነገር ግን ቡና ቤት ያለውን ያንን ታብሌት ማን ይቆጣጠርልኝ? አንድ ብርጭቆ ሻይ ራሴ ቀድቼ፣ ራሴ ስኳር ጨምሬ፣ ራሴ ተሸክሜ መጥቼ፣ ልጅቷ ታብሌቱን ወደ እኔ ታዞረዋለች፤ 18፣ 20፣ 25 ከመቶ ይላል። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሁሉም ጣቴን ያያል። ከሦስቱ ካውንቲዎች አንዱም ለዚህ የሚደርስ የለውም።

ከማንጎ ቬፕ የተከለከለችው የእህቴ ልጅ ሱቅ ግራና ቀኝ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ካናቢስ መሸጫ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፤ በሐብሐብ ጣዕም፣ በእንጆሪ ጣዕም፣ በከረሜላ መልክ ይሸጣል። በእርግጥ በር ላይ ጥብቅ ነው፤ መታወቂያ ሳያዩ አያስገቡም፤ ከ2017 ወዲህም ከረሜላው በእንስሳና በፍራፍሬ ቅርፅ እንዳይሠራ ተከልክሏል። ዝሆን መሳይ አይቻልም፣ አራት ማዕዘን ይቻላል። በ2022 ደግሞ ሕዝቡ የሚያሳብድ እንጉዳይንም ለሕክምና ይሁን ብሎ መረጠ። ጤፍ እንኳን የማያምኑ ሰዎች እንጉዳይ አመኑ።

አንድ ነገር ግን ለኩራቴ ልጨምር፤ ያለ ኩራት ማጉረምረም አይጥምም። ዴንቨር ገና ሃንኮክን ይዛ ስትጎተት፣ ሀገሬ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም ያለውን ትምባሆ፣ ሺሻውንም፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውንም ከልክላ ነበር። ዕድሜውን 21 አድርጋ፣ ከፓኮው ላይ 70 ከመቶውን ለማስጠንቀቂያ ሥዕል አስለቅቃ፣ አጫሹን ከሕዝብ መገልገያ ቤት 10 ሜትር አርቃ። የኮሎራዶ 25 ጫማ ስምንት ሜትር አይሞላም። በሜትር አሸንፈናል! የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ ግን ሊስትሮው ራሱ ሲጋራ በፍሬ ይሸጥ ነበር» ይለኛል። እኔ ስለ አዋጁ ነው ያወራሁት። ስለ ሊስትሮው ማን ጠየቀው? አዋጁን ለማስከበር እዚያም ክልል አለ፣ ክፍለ ከተማ አለ፣ ወረዳ አለ፤ አንዱ የሌላውን ፊርማ ይጠብቃል። ሺሻ ቤቱ ሲዘጋ ዜና ይሆናል፤ ሲከፈት ዜና አይሆንም።

ባለፈው ታዲያ የ15 ቁጥሩን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንድ ለግላጋ ልጅ፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ከአጠገቤ ቆሞ የማንጎ ደመና ለቀቀብኝ። እጄ ወደ ጆሮው ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ሀገሩ ትዝ አለኝና መለስኩት። ሕጋዊ ሰው እሆናለሁ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ልጁ ይህን ከየት እንደገዛው የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ላኩልኝ ልል ነው። እንዲያውም ልጁ ራሱ በጣቱ ጠቆመኝ፤ የገዛው ከአብሮ አደጌ ሱቅ ነው፤ መታወቂያም አልተጠየቀም። አብሮ አደጌን ከሰስኩ ማለት ነው፤ ይሁን፣ ለዴንቨር ምክር ቤት ምስጋና አድርስልኝ ብሎ የለ!

ስልኩን ያነሣችው ልጅ ጨዋ ናት። ስሜን ጠየቀች። ስለ ሱቁ ጠየቀች። ከዚያ የት እንዳለሁ ጠየቀች።

«ኮልፋክስና ዮሰሚቲ» አልኳት።

«በየትኛው በኩል ጌታዬ?» አለችኝ። «ምዕራቡን ከሆነ ለዴንቨር ነው፤ ምሥራቁን ከሆነ አውሮራ ይደውላሉ። ያኔም አዳምስ ይሁን አራፓሆ ማወቅ ያስፈልጋል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ልጁ ወደ ሱቁ እየጠቆመኝ ሲሄድ ተከትዬው ከመንገዱ ጠርዝ ወርጄ ኖሯል፤ መኪኖቹ ጡሩንባቸውን ይነፋሉ።

«የት ነኝ አሉኝ ጌታዬ?»

«መሐል» አልኳት።